የእትዬ ተዋበች ዲቤ

እትዬ ተዋበች ማረፏን የነገረኝ ሙሜ ነው። ከጭሮ ደወለና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «ቲቸር፣ አዴ ተዋበች ሄደች» አለኝ። የት ሄደች ብዬ አልጠየቅሁም። ሰማንያን ያለፈች፣ ከሰፈሯ መውጣት ከተወች የቆየች ሴት የት ትሄዳለች? ከዚያ፣ «ቀብሯ ላይ የመጣውን ሾፌር ብታይ! ወላሂ፣ መንገዱ ተዘጋ» አለ። ሁለታችንም ሽማግሎች ነንና ስልክ ላይ ማልቀስ አፈርን። ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ባለቤቴ ማን እንደሞተ ጠየቀችኝ። «መኪና ውስጥ ድምፅ ማጉያ የምትገጥም ሴት» አልኳት። ሳቀች። እውነቷን ነው፤ እንዲህ ሲሉት ያስቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልናገር።

አሰበ ተፈሪ የደረስኩት በደርግ ዘመን፣ ከጎጃም ተመድቤ፣ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ነው። ከተማዋን ያገሬው ሰው ያኔም ጭሮ ይላት ነበር። ከሚኤሶ ቆላ ሽቅብ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ሞተራቸው ግሎ ከተማዋ ላይ እየቆሙ ውኃ ይጠጡ ነበር። መኪና ውኃ ሲጠጣ ሾፌር ሻይ ይጠጣል፤ ሾፌር ሻይ ሲጠጣ ወሬ ያወራል። ከሻይ ቤቶቹ ተርታ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። በሯ ላይ በቆርቆሮ ላይ የተጻፈ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «በቀለ ራዲዮ ጥገና»። ውስጥ የምትቀመጠው ግን በቀለ ሳይሆን ሚስቱ ነበረች፤ እትዬ ተዋበች።

በቀለን በዚያ የመጠፋፋት ጊዜ ከሱቁ ወስደውታል። ምሳ ሰዓት ላይ፣ የሰው ራዲዮ ከፍቶ እያለ ነው የወሰዱት። አልተመለሰም። ሚስቱ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ ሽቦ ስትጠመጥምለት፣ ዕቃ ስታቀብለው ኖራለች። የተከፈተውን ራዲዮ በማግስቱ ጨርሳ ለባለቤቱ መለሰች። ከዚያ በባሏ ወንበር ተቀመጠች፤ የባሏን ሰማያዊ ቱታም በቀሚሷ ላይ ደርባ ለበሰች።

የቀበሌ ሰዎች መጥተው ማስታወቂያውን አውርጂ አሏት አሉ። «የሌለ ሰው ስም ነው» ነበር ምክንያታቸው። እሷም፣ «ሞቷል ካላችሁኝ ሬሳውን ስጡኝ፤ እኔው ራሴ አወርደዋለሁ። አልሞተም ካላችሁኝ ደግሞ ሱቁ የሱ ነው» ብላቸው ወደ ሥራዋ ዞረች። ሞቷልም አልሞተምም የማለት ሥልጣን ያለው ሰው በመካከላቸው ስላልነበረ ማስታወቂያው ባለበት ቀረ። ይህን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሾፌር ሲሆን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። እሷ ራሷ ስትናገረው ግን ድምፅዋን ዝቅ አታደርግም።

ከሷ ጋር ያስተዋወቀኝ ጥፋቴ ነው። ሙሜ የሂርና ልጅ፣ ጫት በፒካፕ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። አንድ ቅዳሜ ሂርና ላይ አግኝቶኝ እያመጣኝ ሳለ ከድሬዳዋ የገዛውን አዲስ አምፕሊፋየርና አራት እስፒከር አሳየኝ። የሚገጥምለት ሰው አላገኘም። «ቲቸር፣ አንተ የኤሌክትሪክ አስተማሪ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። መንገድ ዳር አቁመን አራቱንም እስፒከር ጎን ለጎን ባንድ ላይ አያያዝኳቸውና ለአምፕሊፋየሩ ሰጠሁት። ዘፈኑ አማረ። ገና ግማሽ ካሴት ሳንሰማ ግን ከዳሽቦርዱ ሥር እንደ ተቃጠለ ጠጉር ያለ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎም ጭስ።

ሙሜ ምንም አልተናገረኝም። ቀጥታ እሷ ሱቅ በር ላይ ወስዶ አቆመኝ።

እትዬ ተዋበች ብሎን በከንፈሯ ይዛ ነበር። የተቃጠለውን ዕቃ አገላብጣ አየችና ብሎኑን ሳታወጣ፣ «ማነው የጠመጠመው?» አለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎ…»

«አንቺ በለኝ። እርስዎ የሚሉኝ ሊያስሩኝ ሲመጡ ነው።» ብሎኑን አወጣች። «ምን ታስተምራለህ?»

«ፊዚክስ።»

አልሳቀችም። እንዲያውም በአክብሮት ነው ያየችኝ፤ ያ ነው ይበልጥ ያሳፈረኝ። «መምህር፣ ላንዲት ላም አራት ጥጃ ባንድ ጊዜ ለቀቅህባት። ምን ታድርግ? ሰጠች፣ ሰጠች፣ ወደቀች። ሁለቱን አከታትለህ፣ ሁለቱን አከታትለህ ብታስራቸው ኖሮ ተራ ይጠብቁ ነበር።»

በሰሌዳ ላይ ለሦስት ዓመት ያስተማርኩትን ሕግ ጥጃና ላም አድርጋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እግሬ ወደዚያች ሱቅ ይሄድ ነበር።

ሙሜ ሌላ አምፕሊፋየር ሊመርጥ ድሬዳዋ ከመውረዱ በፊት የሰጠችውን ምክር አልረሳውም። «ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተወው። ፋብሪካው ስለ ራሱ ነው የጻፈው፤ ስለ ራሱ ክፉ የሚጽፍ የለም። ዕቃውን በእጅህ አንሣው። ከባድ ከሆነ፣ ጀርባው ላይም ሙቀት የሚያወጣ ወፍራም ብረት ካለው፣ ያ ሠራተኛ ነው። ቀሎ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ለሙሽራ መኪና ይሁን።» ሙሜም ሱቅ ለሱቅ እየዞረ ዕቃ ሲመዝን ውሎ፣ ጥቁር፣ አስቀያሚ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። ስታየው ደስ አላት። «ይሄ እንደኔ ነው» አለች።

የገጠመችለት ዕለት ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ። ወፍራሙን የኃይል ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ አመጣችው፤ ከባትሪው አንድ ክንድ ሳይርቅ ፊውዝ አስገባችበት። «መንገድ ላይ አንድ ቦታ ተልጦ ብረት ቢነካ፣ መቃጠል ያለበት ፊውዙ ነው ወይስ ሙሜ?» አለችኝ። ቀጫጭኖቹን የድምፅ ሽቦዎች ደግሞ በመኪናው በሌላኛው ጎን አሳለፈቻቸው። ከኃይሉ ሽቦ ጋር ባንድ መንገድ ከሄዱ ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ሞተሩ ዘፈኑ ውስጥ ገብቶ ያፏጫል። እስፒከሮቹን ከማሰሯ በፊት አንዳንዳቸውን በትንሽ የባትሪ ድንጋይ ነካ፣ ነካ አደረገቻቸው። የወረቀቱ ሆድ ወደ ውጭ ብቅ ይላል ወይም ወደ ውስጥ ይገባል። «ሁሉም እኩል መተንፈስ አለባቸው» አለች። «አንዱ ሲያስገባ ሌላው ካስወጣ ይበላላሉ። ጆሮህ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ይከፋዋል።»

ስለ ማሳ ያለችውንም ሻይ ቤቱ ሁሉ ይደግመው ነበር። ማሳ የሚሉት ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን የመመለሻ ሽቦ ነው። እሷ ሳታስረው በፊት ቀለሙን በቢላዋ ፍቃ፣ ፍቃ፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ትገፍፈው ነበር። «ቀለም ላይ የታሰረ ማሳ የካድሬ ቃል ነው» አለች፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ መንገደኛ እያለፈ። «ሲያዩት የታሰረ ይመስላል፤ ሲይዙት የለም።»

«እትዬ፣ ቀስ በይ» አልኳት።

«ምኑን? ማሳውን?»

በመጨረሻ ትልቁን እስፒከር አመጣች። ከተዘጋ ሲኒማ ቤት ዕቃ ሲወጣ ባሏ ያስቀረው፣ እንደ ሰፌድ የሰፋ እስፒከር ነው። ከኮምፔንሳቶ ሳጥን ሠርታለት፣ ውስጡን በፍራሽ ጥጥ ሞልታ፣ መጋጠሚያውን አየር እንዳያስወጣ በሬንጅ ደፍናዋለች። ከወንበሩ ጀርባ ከተተችውና ለሱ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ መርጣ ሰጠችው። ሙሜ ካሴት ከተተ። ድምፁ መጀመሪያ የተሰማኝ በጆሮዬ አይደለም፤ በደረቴ ነው። የሻይ ቤቱ ብርጭቆዎች ጠረጴዛ ላይ ተንቀጠቀጡ። ሙሜ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ዲቤ! ዲቤ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። ዲቤ በኦሮምኛ ከበሮ ነው። ከዚያ በኋላ ያን ሳጥን በሌላ ስም የጠራው የለም። «ሴት ዳሽቦርድ ሥር ተኝታ!» ሲሉ የነበሩ ሾፌሮች ሁሉ ከቦርደዴ እስከ ሂርና ዲቤ ፍለጋ ተሰለፉ። ፒካፕ ከተራራው ማዶ ሲዞር ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ ይደርስ ነበር።

ያ ነው እንግዲህ ጣጣውን ያመጣው።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ከመጣ ወዲህ ወጣት በየገበያው እየታፈሰ ወደ ጦር ሜዳ ይወሰድ ነበር። ሰዉ ነቃ፤ ልጆቹን መደበቅ ጀመረ። ስለዚህ ዘዴ ተቀየረ። አንዲት ጂፕ ጥሩንባ ተሰቅሎባት እየዞረች የኳስ ግጥሚያ አለ፣ ሙዚቃ አለ ብላ ትለፍፋለች። ልጆቹ ሜዳ ይሞላሉ። ከዚያ ሸራ የለበሱ የጭነት መኪኖች ሜዳውን ይከባሉ። በዚህ ዓይነት ከኔ ክፍል ብቻ ሦስት ወንበር ባዶ ሆኖብኝ ነበር። አንደኛው ልጅ ደብተሩን ጠረጴዛው ውስጥ ትቶት ነው የሄደው፤ ኳስ አይቶ ሊመለስ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የከተማው ካድሬ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ወደ ሱቋ መጣ። ቀጭን፣ ንጹሕ ካኪ የለበሰ፣ ትሑት ሰው ነበር። ቁጣውን አይቼ አላውቅም። በሰላምታ ገባ።

«ጓድ ተዋበች፣ ሥራዎ ዝነኛ ሆኗል።»

እትዬ ተዋበች ወደኔ አየች። «እርስዎ ተባልኩ» አለች።

ካድሬው አልገባውም። «የጂፓችን ጥሩንባ ከገበያው ማዶ አይሰማም። የእርስዎ ግን ተራራ ላይ ይሰማል ይላሉ። ዲቤ የሚሉትን ከነማጉያው ጂፓችን ላይ እንዲገጥሙልን ነው።»

«ምን ልትሉበት?»

«ወጣቱን ለስፖርት ለመቀስቀስ።»

መበየጃዋን አስቀመጠች። «ባለፈው ጊዜ ኳሱን ማን ይዞት መጥቶ ነበር?»

ከሁለቱ ጠባቂዎች አንደኛው መሬት አየ።

«እሱ የርስዎ ጉዳይ አይደለም» አለ ካድሬው፣ አሁንም በትሕትና።

«እንግዲያው መግጠሙም የኔ ጉዳይ አይደለም። አልገጥምም።»

«አልችልም ነው የሚሉት?»

«እችላለሁ። ከኔ የተሻለ የሚችል ከድሬዳዋ ወዲህ የለም። አልገጥምም ነው ያልኩት።»

እዚያው ይዘዋት ሄዱ። ሱቁን ወረቀት ለጥፈው፣ ማኅተም መትተው አሸጉት።

በማግስቱ እኔን አስጠሩኝ። የፊዚክስ መምህር አይደለህ፣ አንተ ግጠምልን አሉኝ። ከዚያ አንድ ብልሃት መጣልኝና፣ «ጓድ፣ እኔ በቃል እንጂ በእጅ አልችልም። ሾፌሮቹን ጠይቁ፤ የሙሜን አምፕሊፋየር ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አልኩ። እውነት ነው፣ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ካድሬው ሳቀና ለቀቀኝ። ከሌላ ከተማ ባለሙያ ሊያስመጡ ወሰኑ። ወደ ቤቴ ስሄድ ራሴን በጣም ብልህ አድርጌ ቆጥሬው ነበር።

ስንቅ ይዤላት ስሄድ ይህንኑ በኩራት ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አልችልም አልክ?» አለችኝ።

«አዎ። አመለጥኩ።»

«አመለጥክ፤ ደግ ነው።» አለች። «ግን መምህር፣ ምን ብለው እንደሰሙህ ታውቃለህ? ቢችልማ ኖሮ ይገጥምልን ነበር ብለው ነው። እጅህን ነው የነፈግሃቸው፤ ልብህ እሺ እንዳለ ቀርቷል።»

እሷም ብዙ አላስጨነቀችኝም፤ ሳህኑን ከፍታ ቀመሰች። «ሽሮህ ጨው በዝቶበታል» አለች። «ነገ ቀንሰው።»

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ፈቷት። ሱቁ ግን እንደታሸገ ነው። ማኅተሙን አልነካችም። ዱካዋን፣ ያችን አጭር መቀመጫዋን፣ ይዛ መጥታ ከታሸገው በር ፊት፣ መንገድ ዳር ተቀመጠች። ሾፌሮች መኪናቸውን ተርታ አቆሙላት። አንድ ጠባቂ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ሱቅሽ ታሽጓል እኮ» ሲላት፣ «ሱቄን አሽጋችኋል፤ አልገባሁበትም። ይሄ የሙሜ መኪና ነው። የሙሜን መኪና ደግሞ ማንም አላሸገውም» አለችው። ዝናብ ሲመጣ መኪና ሥር ትገባለች፤ ሲያባራ ትወጣለች። እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ።

የሂርናው ነገር የሆነው መስከረም ላይ፣ በገበያ ቀን ነው። አንድ የጭነት መኪና ሂርና ላይ ሽቦው ተቃጥሎ፣ የሷን እጅ ፈልገው ሙሜን ላኩት። ቅዳሜ ስለነበረ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሥራዋን ጨርሳ ሻይ ልንጠጣ ስንቀመጥ ጂፗ ገበያው ውስጥ ገባች። ከሌላ ከተማ የመጣው ባለሙያ አዲስ ጥሩንባ ሰቅሎባታል። ዛሬ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በሜዳው የኳስ ግጥሚያ፣ ለወጣቶች ሽልማት እያለች ትለፈልፋለች። ጫት ሲያስሩ የነበሩ ልጆች እጃቸውን እያራገፉ ተነሡ። አንዳንዶቹ ይሮጡ ነበር፤ ቦታ ለመያዝ።

ነዳጅ ሊቀዳ ሄዶ የነበረው ሙሜ ፊቱ አመድ መስሎ ተመለሰ። «አዴ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሦስት መኪና ቆሟል። ሸራ ለብሷል። ወታደር አለው።»

እትዬ ተዋበች ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከመሣሪያ ቦርሳዋ ውስጥ ማይክሮፎን አወጣችና ሽቦውን መፍታት ጀመረች። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

«ሙሜ» አለችው፣ «መኪናህን ይወስዱብሃል።»

ሙሜ መኪናውን አየ። ያች ፒካፕ እናቱን፣ ሚስቱን፣ አራት ልጆቹን የምታበላ ናት። «አቦ አዴ» አለ፣ «አንቺ እጅሽን ያላስገባሽበት ቦታ አለ እንዴ እሷ ላይ? ግማሿ ያንቺ ናት። በይ ግቢ።»

ማይክሮፎኑን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘችው። ከመኪናው መርገጫ ላይ ቆማ፣ በግራ እጇ በሩን ይዛ ተናገረች። መጀመሪያ በኦሮምኛ ነበር። «ኢጆሌ፣ ሂን ዴሚና!» ከዚያ በአማርኛ፦ «ልጆች፣ አትሂዱ! ኳስ የለም! ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሦስት መኪና ወታደር አለ! ሽቅብ ሩጡ!»

ያን የመሰለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። የጂፗ ጥሩንባ ከሱ ጎን እንደ ትንኝ ሆነ። ገበያው በሙሉ አንዴ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ልጆቹ ተበተኑ። ወደ ሜዳው የሚወርደው መንገድ ባንድ ጊዜ ወደ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ በጫቱ ማሳ እርከን፣ በአጥሩ፣ በየሰው ጓሮ። እናቶች ነጠላቸውን እያወለበለቡ ወደ ተራራው ያመለክታሉ። እሷ ደጋግማ፣ ደጋግማ ትናገራለች። ቀድመው ሜዳ የደረሱት ጥቂቶች ተያዙ፤ ሁሉም ተረፉ ብዬ አልዋሽም። ሸራ ከለበሱት መኪኖች ሁለቱ ግን ባዷቸውን ተመለሱ።

እሷን እዚያው መርገጫው ላይ ያዟት። ሙሜንም አሠሩት። ጠባቂዎቹ ማጉያውን ከመኪናው በእጃቸው እየጎተቱ ሲነቅሉ ሽቦ ከብረት ተነካካና ብልጭታ ተነሣ። እትዬ ተዋበች እጇ የፊጥኝ ታስሮ ጂፗ ላይ ተጭና፣ «ባትሪውን መጀመሪያ ፍቱ! እናንተ ልጆች፣ ትቃጠላላችሁ!» ብላ ጮኸችባቸው። ከጠባቂዎቹ አንዱ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፤ ከዚያ እንዳለችው ባትሪውን መጀመሪያ ፈታ።

ሙሜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያለ መኪናው ተለቀቀ። እሷን ግን ለሌላ ነገር ፈለጓት። የከተማው ሰው በቀበሌው አዳራሽ እንዲሰበሰብ ተነገረ። እትዬ ተዋበች በሕዝብ ፊት ቆማ ጥፋቷን ታምናለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ትፈታለች። አስቀድመው አስማምተዋታል ተባለ። እኔ አላመንኩም። ደግሞ ብታምንላቸውስ ማን ይፈርድባታል አልኩ። ሃምሳ ዓመት የደረሰች ሴት ናት፤ አምስት ሳምንት ሲሚንቶ ላይ ተኝታለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ዘግይቼ ስለደረስኩ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ካድሬው ማይክሮፎኑን ይዞ ሊከፍት ሲል ድምፅ ማጉያው እንደ ጅብ ጮኸ። መታ፣ መታ አደረገው፤ ይባስ ብሎ አጓራ። ወጣቶች ሳቁ። ካድሬው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ቀላ። እትዬ ተዋበች ማንም ሳያዛት ከወንበሯ ተነሣች። ከስታለች፤ ጠጉሯ ሸብቷል።

«ይፈቀድልኝ?» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ምን ያድርግ? ማይክሮፎኑን ከነማቆሚያው ከእስፒከሩ ፊት አንሥታ ወደ ኋላው ወሰደችው። ከዚያ ማጉያው ጀርባ ጎንበስ ብላ አንድ ሽቦ ፈታች፣ ጫፉን በጥፍሯ ፍቃ መልሳ አጠበቀችው። ጩኸቱ ቆመ። ካድሬው፣ «እንግዲህ ጓድ ተዋበች ጥፋታቸውን ይናገራሉ» ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

«ተዋበች እባላለሁ» አለች። «የበቀለ ሚስት ነኝ። ነበርኩ አላልኩም፤ ሞቷል ብሎ የነገረኝ ስለሌለ። ጥፋትሽን ተናገሪ ተብያለሁ። እናገራለሁ። ሂርና ላይ ልጆቹን አትሂዱ፣ ኳስ የለም ብያለሁ። ኳስ አልነበረም። ይሄ ጥፋት አይደለም። ጥፋቴ ሌላ ነው። ከዚያ በፊት የወሰዷቸው ልጆች በሱቄ በር ላይ እየሳቁ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ወዴት እንደሚሄዱ ጠርጥሬ ነበር። ዝም ብዬ ራዲዮ እጠግን ነበር። ለነዚያ ልጆች እናቶች ነው ይቅርታ የምለው። ለሌላ ለማንም አይደለም።»

ካድሬው ተነሥቶ ወደሷ መሄድ ጀመረ። እሷ ግን አላየችውም፤ ወይም አይታ ተወችው። ዕቃ ገጥማ ስትጨርስ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ አዳራሹ ጥግ ተመለከተች።

«ከኋላ ይሰማል?» አለች።

ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። ከፊቴ የነበሩትን ጀርባዎች አየሁ፤ አንድም የሚንቀሳቀስ ትከሻ የለም።

«ይሰማል!» አልኩ። ጮክ ብዬ።

ከመሐል አንዲት እናት፣ «ይሰማል!» አለች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ማን እንደሚናገር መለየት አቃተ። የማጉያውን ኃይል ነቀሉት። እትዬ ተዋበች ማይክሮፎኑ እንዳይወድቅ ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ያለሱ ቀጠለች። እስኪያወጧት ድረስ እያንዳንዱ ቃል በሩ ድረስ ይደርስ ነበር።

ስምንት ወር ተጨመረባት። ስትፈታ ቀጥታ ወደ ዱካዋ ሄደች ብለውኛል፤ እኔ አላየሁም። ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን ወደ ቦርደዴ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር። ደብዳቤውን የሰጠኝ ርእሰ መምህሩ ነው። ደግ ሰው ነበር፤ አዝኖልኛል። በሩን ዘጋና፣ «አንተ ጭምት ሰው አልነበርክ እንዴ? ምን ሆነህ ነው በዚያ ሁሉ ሰው መሐል የጮኽከው?» አለኝ።

«ከኋላ ይሰማል ወይ ብላ ጠየቀች» አልኩት። «ከኋላ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።»